ሶኒ በኪሳራ እየሸጠ እንዴት ይኖራል? (ፕሌስቴሽን ቤት ልከፍት ነው)

ፍኖተሰላሜው፦

እንዴት ሰነበታችሁ? ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፕሌስቴሽን ቤት ልከፍት ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ተጨናንቆ ሦስት ትይዛለች። ብሩን ያዋጣነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። እሱ ድርሻውን በቆሎ ሸጦ ነው ያመጣው፤ ስለዚህ «ምን ገዛህበት? ለምንስ እሱን መረጥክ?» ሲለኝ ረጋ ብዬ የምመልስለት ነገር ያስፈልገኛል።

እስካሁን ያየሁት ይኼ ነው፦ ያገለገለ የሶኒ ፒኤስ 4 (ፕሌስቴሽን 4) ከነሲዲ ማስገቢያው፤ ሲዲ የማይገባበት የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ፣ ካርቶኑ እንኳ ያልተከፈተ፤ ከዱባይ የመጣ ኒንቴንዶ ስዊችም አለ። ወንድሜ «አዲሱን ግዛ፣ ያገለገለ ዕቃ የሰው ጣጣ ነው» ይላል። አዲስ ሆኖ ለዋጋው የሚቀርበው ደግሞ ኤክስቦክሱ ነው።

ያልገባኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ማሽኑን ከሠሩበት ዋጋ በታች ይሸጡታል ሲባል ሰማሁ። ነጋዴ አውቆ ይከስራል እንዴ? ከከሰረስ ይኼን ሁሉ ዘመን በምን ቆየ? ከሦስቱ አትራፊው ማነው? ይኼን ካወቅሁ የትኛው ማሽን ነገ ሜዳ ላይ እንደማይጥለኝ የማውቅ ይመስለኛል።

ዳንግሌው፦

ፊፋ የሚያጫውተውን ግዛ፤ ሌላው ወሬ ነው። ደግሞ ኤክስቦክስ ብትደረድርም ልጆቹ «ፕሌስቴሽን ቤት እንሂድ» ነው የሚሉት። የማይክሮሶፍት ሰዎች ይኼን ቢሰሙ ያለቅሳሉ።

የማርቆሱ፦

ዳንግሌው ያለው እውነት ነው፤ ልጁ የጠየቀው ግን ነጋዴ አውቆ ይከስራል ወይ ነው። አዎ፣ ይከስራል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ በፒኤስ 2 ዘመን የጀመርኩ ነኝ፤ ስለ እነዚህ ሦስት ኩባንያዎች ያነበብኩትን ያህል ትምህርቴን ባነብ ኖሮ ዛሬ ዶክተር ተብዬ ነበር። (ስለ እነሱ ስጽፍ ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገር።)

በ2006 ፒኤስ 3 አሜሪካ ሲገባ ትልቁ 599 ዶላር ነበር። አይሰፕላይ የሚባል፣ ዕቃ እየፈታታ የሚተምን ድርጅት ከፍቶ ሲያየው የውስጡ ዕቃና መገጣጠሚያው ብቻ 840 ዶላር ገደማ ይፈጃል አለ። በየማሽኑ ወደ 240 ዶላር ከኪስ ማለት ነው፤ ገና ማጓጓዣው፣ ማስታወቂያው፣ የሱቁ ድርሻ ሳይገባ። ሴል የሚባለውን ከአይቢኤምና ከቶሺባ ጋር የሠሩትን ቺፕና ያኔ ብርቅ የነበረውን የብሉሬይ ሲዲ ማንበቢያ አንድ ሣጥን ውስጥ ስለከተቱ ነው። እስከ ማርች 2007 በነበረው የሒሳብ ዓመት የሶኒ የጌም ክፍል 232 ቢሊዮን የን ከሰረ።

ታዲያ ከየት ሊመልሰው ነው? ከጨዋታው። ፊፋን የሚሠራው ኢኤ እንጂ ሶኒ አይደለም፤ ነገር ግን ለፕሌስቴሽን የሚታተም ሲዲ ሁሉ ለሶኒ የፈቃድ ይከፈልበታል። በኢንተርኔት መደብሩ በኩል ከተሸጠ ደግሞ ከመቶ 30 ያህሉን የሚወስደው የመደብሩ ባለቤት ነው። ፒኤስ 4 ሲመጣ በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት የፒኤስ ፕላስ ክፍያም ተጨመረ። ማሽኑን ሲሸጥልህ የጎደለበትን፣ በአምስት በስድስት ዓመት ጨዋታ እየገዛህ ትሞላለታለህ ነው ሒሳቡ። ፒኤስ 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ሶኒን ያንበሸበሸው እንዲህ ነው።

ለወንድምህ እንዲህ ብለህ አስረዳው። የበቆሎ ምርጥ ዘር በየዓመቱ ይገዛል አይደል? ያምናውን እህል መልሶ ቢዘራው ምርቱ እንደሚወርድበት ያውቃል። ፊፋም እንደዚያው ነው፤ ያምናው ሲዲ አልተበላሸም፣ ግን ተጫዋቹ ሁሉ ክለብ ቀይሯል፣ ልጆቹም አዲሱን ይሉሃል። ሶኒ የሚኖረው በየዓመቱ ከሚገዛው ነገር ላይ ነው።

ይኼ የሚሠራው ግን ገዢው ጨዋታ ሲገዛ ነው። በ2010 የአሜሪካ አየር ኃይል 1,760 ፒኤስ 3 አገናኝቶ ሱፐርኮምፒውተር ሠራበት። ከነዚያ ሁሉ ማሽኖች ለሶኒ የአንድ ፊፋ ሽያጭ እንኳ አልወጣለትም። እኛ የጎጃም ፕሌስቴሽን ቤቶች ለሶኒ ከዚያ አየር ኃይል አንሻልም፦ ማሽኑን ከሁለተኛ ወይ ከሦስተኛ እጅ እንገዛለን፣ አንዱን ሲዲ ሰፈሩ ሁሉ ይጫወትበታል፣ በፒኤስ 2 ጊዜማ ሲዲውም ኮፒ ነበር።

ለዚህ ነው ኤክስቦክሱን ቀስ ብለህ እየው የምልህ። በ2020 ፒኤስ 5 ሲወጣ ሲዲ የሚያስገባው 499 ዶላር፣ የማያስገባው 399 ዶላር ነበር። ያቺ ሲዲ ማንበቢያ ኋላ ለብቻዋ ስትሸጥ ዋጋዋ 80 ዶላር ነው፤ እሱም አትርፈውባት። ታዲያ የ100 ዶላሩ ቅናሽ ከየት መጣ? ሲዲ የማይገባበትን የገዛ ሰው ጨዋታ የሚያገኘው ከሶኒ መደብር ብቻ ነው። ከጎረቤት አይዋስ፣ ያገለገለ አይገዛ፣ ሲሰለቸው አይሸጥ። ሲሪስ ኤስም በዚያው ዓመት በ299 ዶላር ሲወጣ ስሌቱ ያው ነው። የያኔው የኤክስቦክስ አለቃ ፊል ስፔንሰር በ2022 በየማሽኑ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚደጉሙ በአደባባይ ተናግሯል። ከዚያ በፊትም በ2021 ጨዋታ ሠሪው ኤፒክና አፕል ፍርድ ቤት ሲካሰሱ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ቀርባ፣ በማሽን ሽያጭ አትርፋችሁ ታውቃላችሁ ወይ ስትባል «የለም» ብላለች።

ድጎማው ብድር ነው። የሚመለሰው በመደብሩ በኩል ነው። አንተ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ተቀምጠህ በመደብሩ ልክፈል ብትል እንኳ አትችልም፤ መደብሩ የሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የሌላ አገር ሰው መስለህ አካውንት ታወጣለህ፣ የስጦታ ካርድ ከደላላ በውድ ትገዛለህ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ታወርዳለህ። ርካሽ የተባለው ማሽን እዚህ ላይ ሲደርስ ይወደዳል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ባሕር ዳር)፦

የማርቆሱ በደንብ አስረድተዋል፤ ግን «ከሦስቱ አትራፊው ማነው?» የሚለውን ዘለሉት። እሱን ልንገርህ ወንድሜ፣ መልሱ ደስ ስለሚል።

እስከ ማርች 2024 ያለውን አንድ ዓመት ውሰድ። የሶኒ የጌም ክፍል ወደ 4.27 ትሪሊዮን የን ሸጠ። ኒንቴንዶ በዚያው ዓመት የሸጠው 1.67 ትሪሊዮን ነው፣ ከሶኒ ግማሽ በታች። አሁን ከሥራቸው የቀራቸውን ትርፍ እይ፦ ሶኒ 290 ቢሊዮን፣ ኒንቴንዶ 529 ቢሊዮን የን። ሶኒ ከ100 ብር ሽያጭ ሰባት ብር ያህል ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ኒንቴንዶ ሠላሳ አንድ ብር ከምናምን ይዞ ሄደ። እኔ በሥራዬ የብዙ ነጋዴ መዝገብ አያለሁ፤ ብዙ የሚሸጠው ሁሉ ብዙ ያተርፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ሲገጥመኝ ይኼን ነው የማነሳለት።

ምክንያቱ ኒንቴንዶ ከመነሻው ሌላ ነጋዴ መሆኑ ነው። በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ እየሠራ የተጀመረ ቤት ነው፤ ዛሬም ሌላ የሚደጉመው የቴሌቪዥን ወይም የኮምፒውተር ሥራ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን በከፍተኛ ኪሳራ ልሽጥ ማለት አይደፍርም። ጉንፔ ዮኮይ የሚባል ቀደምት መሐንዲሳቸው ያስለመደው ነገር አለ፦ አዲስ የወጣውን ውድ ቴክኖሎጂ ትቶ፣ የተለመደውንና የረከሰውን ዕቃ ባልታሰበ መንገድ መጠቀም። ፒኤስ 3 በ599 ሲመጣ ዊ የሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን የመጣው በ250 ዶላር ነው፤ ሥዕሉ ከፒኤስ 3 አጠገብ አይቀርብም፣ ግን አያት ሳይቀሩ እጃቸውን እየወዘወዙ ተጫወቱበት። ከመጀመሪያው ቀን ከማሽኑ እያተረፈ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሸጠ።

ሁለተኛው ነገር ማሪዮና ዜልዳ የራሱ መሆናቸው ነው። ሶኒ ከፊፋ የሚያገኘው ኮሚሽን ነው፤ ኒንቴንዶ ከማሪዮ የሚያገኘው ሙሉውን ነው። ዋጋም አይቀንስም። ማሪዮ ካርት 8 መጀመሪያ በ2014 ወጣ፣ በ2017 ለስዊች አሳምረው በሙሉ ዋጋ መልሰው ሸጡት፣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ሄደላቸው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በ2011 3ዲኤስ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ ማሽን በ250 ዶላር አውጥተው ገበያ እምቢ ሲላቸው በወራት ውስጥ ወደ 170 አወረዱት፤ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ፣ ዓመቱም በኪሳራ ተዘጋ። ቀጥሎ የመጣው ዊ ዩ 13.5 ሚሊዮን ብቻ ተሸጦ ቀረ። ሌላ ቤት ቢሆን ይዘጋ ነበር። ሴጋን ያየ ያውቀዋል፤ ድሪምካስት የሚባለው ማሽኑ ሳይሳካለት ሲቀር በ2001 ከማሽን ሥራ ወጥቶ ለሌሎች ጨዋታ ሠሪ ሆነ። ኒንቴንዶን ያቆመው በደጉ ዘመን ያጠራቀመው ጥሬ ገንዘብና ዕዳ አለመውደዱ ነው።

ማይክሮሶፍትን ከሁለቱ ጋር ላወዳድርልህ አልችልም፤ የኤክስቦክስን ትርፍ ለይቶ አያወጣም። ስንት ማሽን እንደሸጠ መናገሩንም ከ2015 ጀምሮ ትቶታል። ነጋዴ መዝገቡን መቼ እንደሚከድን እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላርም፤ ሶኒም ለዘለዓለም አይከስርም። ሲዲ የሚያስገባው ፒኤስ 5 በወጣ በዓመቱ ሳይሞላ፣ በ2021 ክረምት፣ ከእንግዲህ በኪሳራ አንሸጠውም ብለዋል።

ዳንግሌው፦

ታዲያ ኒንቴንዶ እንዲህ ካተረፈ ልጁ ስዊቹን ይግዛዋ!

የማርቆሱ፦

ኩባንያው አተረፈ ማለት አንተ አተረፍክ ማለት ነው እንዴ? እህቴ የጻፈችውን መልሰህ አንብበው። ኒንቴንዶ የሚያተርፈው ዋጋ ስለማይቀንስና ሌላ ቦታ የማይገኝ ጨዋታ ስላለው ነው። ሁለቱም ለገዢ ጥሩ አይደሉም። በእኛ አገር ማሪዮን እያዩ ያደጉ ልጆች ስንት ናቸው? ትምህርት ቤት ሲለቀቅ የሚመጡት የአርሰናልና የማንቸስተር ልጆች ናቸው። ፊፋ ለስዊችም አለ፤ ግን እነዚያን ትንንሽ ጆይስቲኮች ጎል የገባበት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጅ ላይ አስባቸው።

ዋጋ ይወርድ ይሆናል ብለህም አትጠብቅ። ድሮ ማሽን እያረጀ ይረክስ ነበር፤ ፒኤስ 2 በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 99 ዶላር ደርሶ ነበር። አሁን ተገላብጧል። ፒኤስ 5 በአምስተኛ ዓመቱ አሜሪካ ላይ 50 ዶላር ተጨመረበት፣ ኤክስቦክስም በ2025 ሁለት ጊዜ ጨመረ። በዚያ ላይ የኛ ዶላር አለ። በሐምሌ 2016 (በኛ አቆጣጠር) ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት መቶን ካለፈ ወዲህ፣ ዘንድሮ ያልገዛኸውን ዕቃ ለከርሞ የምትገዛበት ዋጋ የታወቀ ነው።

የሞጣው ኤክስቦክስ፦

ሁላችሁም ማይክሮሶፍትን ቀበራችሁት። እስኪ እኔም ልናገር።

ያው መክሰሱን ከሰረ። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በልቶ ነው የሄደው። ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ማሽኑ ሲበላሽ የሚበራው ያ ቀዩ መብራት መጣበት፤ በ2007 ለጥገናና ለዋስትና ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። በ2013 ኪኔክት የሚባለውን ካሜራ ግድ ግዙ ብሎ በ499 ሲወጣ ሶኒ በ399 መጥቶ ገበያውን ይዞት ሄደ። ይኼን ማንም አይክደውም።

ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሣጥን መሸጥ እየተዉ መሆኑን ልብ በሉ። ማይንክራፍትን በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዙ። በ2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ጠቀለሉት፤ ከነኮል ኦፍ ዱቲ። አሁን የራሳቸውን ጨዋታ ሶኒ ላይ ይሸጣሉ፤ ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025 ፒኤስ 5 ላይ ወጣ። ሶኒ 30 ከመቶ ይውሰድ፣ የቀረው የማነው? ዳንግሌው ፕሌስቴሽኑ ላይ ተቀምጦ ማይክሮሶፍትን ሊያበለጽግ ነው ማለት ነው! ሰባኪው ሌላ ሰንበቴው ሌላ።

ደግሞ ጌም ፓስ አለ። በወር ክፍያ መቶ ምናምን ጨዋታ። በ2017 ሲጀመር 10 ዶላር ነበር፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣም።

የማርቆሱ፦

የሞጣው፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ለማይክሮሶፍት ባለ አክሲዮን ነው ልክ የሆነው። ጨዋታውን የትም የሚሸጥ ሰው ሣጥኑ ላይ ልቡ አይኖርም። ሣጥኑን የገዛው ልጅስ? ጌም ፓስም በ10 ዶላር አልቆየም፤ ውዱ ደረጃው፣ አልቲሜት የሚሉት፣ በኦክቶበር 2025 30 ዶላር ገባ። መጀመሪያ አስለመዱ፣ ከዚያ ጨመሩ፤ ይኼ የሰው አገር ጥበብ አይደለም፣ እዚሁ ማርቆስ ገበያም አለ።

ደግሞ በወር ክፍያና በኢንተርኔት የሚሠራ ቤት ለኛ አካባቢ አይሆንም። በ2015 ክረምት (በኛ) ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። በዚያ ጊዜ የኔ ቤት የተከፈተው ሲዲ ስለነበረኝ ነው። መብራት እስካለ ድረስ ሲዲ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። መብራቱስ አትሉኝም? እሱን ተዉት፤ ለሱ ስታብላይዘር ግዛ፣ ከሁሉ በፊት። ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው፣ የማሽኑን ፓወር ሰፕላይ ይበላዋል።

ፍኖተሰላሜው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አያ ማርቆስ የእርስዎን ለወንድሜ አነበብኩለት፤ የምርጥ ዘሩ ላይ ሲደርስ ስቆ «በል ይገባኛል» አለ። ኤክስቦክሱን ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ፒኤስ 4 አሁን አርጅቷል ይላሉ። ከገዛሁ በኋላ አዲስ ፊፋ መውጣቱ ቢቆምስ?

የማርቆሱ፦

ይቆማል፤ መቼ እንደሆነ ግን በግምት መድረስ ይቻላል። ፒኤስ 2 በ2000 ወጥቶ የመጨረሻው ፊፋው ፊፋ 14 ነው። ፒኤስ 3 በ2006 ወጥቶ በፊፋ 19 ቆመ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ፒኤስ 4 የወጣው በ2013 ነው፤ ኢኤ ኤፍሲ 26 (የዛሬው የፊፋ ስም) ግን በ2025 ለሱም ወጥቶለታል። (ስሙን ከቀየሩት ቆዩ፤ ከኛ ልጆች መካከል ግን ኢኤ ኤፍሲ ሲል የሰማሁት የለም።) ለምን ይኼን ያህል ይቆያል ብትል፣ ጨዋታ ሠሪው የሚያየው የማሽኑን ዕድሜ ሳይሆን ስንት ሰው ቤት እንዳለ ነው። ፒኤስ 4 ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ያን ሁሉ ገዢ ትቶ መሄድ ለኢኤም ለሶኒም ከባድ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ነህ፣ ግን አላለቀም።

ቢያልቅም ቤትህ አይዘጋም። እኔ ዘንድ ጥግ ላይ አንድ ፒኤስ 3 ከፊፋ 19 ጋር አለች፤ ሜሲን በባርሴሎና ማሊያ ለማጫወት ብለው እሷን የሚመርጡ አሉ። ዋጋዋን ከሌሎቹ ዝቅ አድርጌላታለሁ፤ ስንት ጊዜ ብሯን መልሳለች።

ስትገዛ ግን የራስህን ሲዲ ይዘህ ሂድ። አስገብተህ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወት፤ ሲሞቅ የሚጠፋ አለ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ የሚጮህም አለ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን ነካ ነካ አድርገው። የሻጩ አካውንት እንዳይቀርበት ፊትህ አስጠፋው። ጆይስቲክ ከማሽኑ ቀድሞ ነው የሚሞተው፣ ትርፍ ሁለት ያዝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ኪራዩን፣ በአንድ ጨዋታ የምታስከፍለውንና መብራት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚኖር ጻፍልኝ። ማሽኑ ብሩን በስንት ወር እንደሚመልስ እሠራልሃለሁ። ጆይስቲኮቹንም እንደ አላቂ ዕቃ እንመዝግባቸው፤ የማርቆሱ እንዳሉት ከሆነ ትልቁ ወጪህ እነሱ ናቸው።